ጥምቀት አንድ፣ ማዕድ ለየብቻ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን የውጭ ባህል እምነታችንን እየሸረሸረው ነው የሚል ጽሑፍ አስነብባችሁን ነበር። ጸሐፊው ስለ አለባበስ፣ ስለ ቫለንታይን ቀን፣ ስለ ቲክቶክ፣ ስለ ሰርግ ጭፈራ አንስተዋል። ስጋታቸውን አላጣጥለውም፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ የሚጋራው ነው። ግን ጽሑፉን ጨርሼ ጋዜጣውን ካስቀመጥኩት በኋላም አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ባህል እምነትን ይለውጣል ስንል ለምንድን ነው ሁልጊዜ ዓይናችን ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ የሚተከለው? ከውጭ የመጣው ባህልማ ስለሚታይ ቢያንስ እንከራከርበታለን። እኔን የሚያሳስበኝ አብሮን የተወለደው ነው። ከእምነታችን ጋር ተሰፍቶ የትኛው ክር የወንጌል፣ የትኛው የሰፈር እንደሆነ መለየት ያቃተን እሱ ነው።

በደፈናው እንዳላወራ አንድ ነገር ላንሳ። በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው የምናይበት ዓይን።

ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። ከመንደራችን ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ የአንድ ብረት ሠሪ ቤት ነበር። ወደ እርሻ ወራት ደጁ ሰው አያጣም። ማረሻው የዶለዶመበት፣ ማጭዱ የተሰበረበት፣ መጥረቢያ የሚያሠራ ሁሉ ይመጣል። ልጁ ወናፉን ይነፋል፣ ፍሙ ይግላል፣ ሰውዬው ብረቱን በጉጠት ይዞ ይቀጠቅጣል። ገበሬው ግን ከደጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ቤት አይገባም። ውኃ ቢሰጠው አይጠጣም። ሕፃን ይዛ የመጣች እናት ካለች ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ፊቷን አዙራ ትቆማለች። ሥራው ሲያልቅ እህሉ ይሰፈርለታል፣ ማረሻው ይወሰዳል፣ አለቀ። ሰውዬው ክርስቲያን ነው። ጾሙን ይጾማል፣ ልጆቹን በአርባና በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና አስነስቷል። የጽዋ ማኅበር አባል ግን አልነበረም። ከእሱ ጋር ከአንድ ጽዋ የሚጠጣ፣ የእሱን ዳቦ የሚቆርስ፣ ድግሱ ቤቱ ሲደርስ የሚሄድ ሰው አይገኝማ! የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባለውም፣ ቄሱም፣ አባላቱም ይህን እንደ ጉዳይ አንስተውት አያውቁም። እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት የታወቀ ነገር ነበር።

እስቲ ቤተ መቅደሳችንን ልብ ብላችሁ እዩት። ቄሱ በእጃቸው ይዘው የሚያሳልሙንን መስቀል ማን ሠራው? ጽናውን፣ ጸናጽሉን፣ ቃጭሉን ማን ቀጠቀጠው? ከበሮው የተለጎመበትን ቆዳ ማን አለፋው? በነጩ ነጠላችን ላይ ጥለቱን የጣለው ሸማኔ አይደለም? በመስቀሉ እንባረካለን፣ መስቀሉን የሠራውን ሰው ግን ከገበታችን እናርቃለን። ይህንን የሚያዝ ቃል ከየትኛውም መጽሐፍ ሊያሳየኝ የሚችል ሰው ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍልኝና ልማር።

መጽሐፉ የሚለውማ ሌላ ነው። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ በአገሩ ሰዎች የተናቀው ጸራቢ ስለሆነ፣ ቤተሰቡንም ስለሚያውቁት ነው። «ይሄ ጸራቢው አይደለም እንዴ?» ብለው ተሰናከሉበት። ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ነው የሰበከው። በኦሪት ዘጸአት 31 እግዚአብሔር መንፈሱን ሞላሁበት ያለው ባስልኤል ወርቅና ብር፣ ናስና እንጨት የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እሳት ሰውነቱን እያቀለጠው፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን እየሞላው ስለሚሠራው ብረት ቀጥቃጭ፣ መንኮራኩሩን በእግሩ እያዞረ ስለሚያበጀው ሸክላ ሠሪ ያወራል፤ እነዚህ ከሌሉ ከተማ የሚባል ነገር አይኖርም ይላል። እግዚአብሔር ራሱን በሸክላ ሠሪ መስሎ ኤርምያስን ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ልኮታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጴጥሮስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ ጴጥሮስ በኢዮጴ ስምዖን የሚባል ቆዳ ፋቂ ቤት ብዙ ቀን ተቀመጠ ይላል። በዚያን ዘመን በአይሁድ ዘንድ ቆዳ ፋቂ ሁልጊዜ የሞተ እንስሳ ስለሚነካ የሚሸሽ ሰው ነበር። ጴጥሮስ ግን እዚያ አደረ፣ እዚያ በላ። ከሰማይ የወረደውን ያንን ታላቅ ጨርቅ ያየውም በዚሁ ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። «እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ አታርክሰው» የሚለውን ድምፅ የሰማው በቆዳ ፋቂ ቤት ጣሪያ ላይ ነው! ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ተነቦ፣ ስንት ጊዜ ተሰብኮ ሰምተናል። ስለ ቆርኔሌዎስ ይሰበካል፣ አሕዛብ ስለ መጠራታቸው ይሰበካል። ቤቱ የማን እንደነበር ሲነገር ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም።

ለምን አይሰበክም? ሰባኪው የዚያው መንደር ልጅ ስለሆነ ነው። እሱም እናቱ በነጠላ ሸፍናዋለች። እኔ ባህል እምነትን ለወጠው የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ከመጽሐፉ ገጽ ቀድዶ አልጣለም፤ የትኛው ገጽ ጮክ ብሎ እንደሚነበብ፣ የትኛው በዝምታ እንደሚታለፍ ግን ይወስናል። ጸሎተ ሃይማኖቱን ሁላችንም አንድ ላይ እንደግማለን። ከማን ጋር እንደምንበላ፣ ለማን ልጅ እንደምንድር የሚወስንልን ግን ሌላ ነው።

ስለ ቡዳ ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ዋናውን መሸሽ ይሆንብኛል። ብረት ሠሪ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ይህ እምነት ከየት መጣ ብንል መልሱ ብዙ ነው። እሳትና ብረት የሚያዛምድ ሰው መፈራቱ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ያለ ነው። መሬት ያልነበረው ሰው በሙያው ሲተዳደር መሬት ያለው ይንቀዋል፣ እየናቀውም ይፈራዋል። ይህን ሁሉ ተመራማሪዎች ያጥኑት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ፍርሃት የጠበሉ ቦታ ድረስ መግባቱ ነው።

ጠበል ሄዳችሁ ከሆነ አይታችኋል። አንዲት ታማሚ ልጅ ትጠመቃለች፣ ትጮኻለች። «ማን ነህ? በምን ያዝካት?» ተብሎ ይጠየቃል። ያደረባት መንፈስ ይለፈልፋል፣ «እገሊት ነኝ፣ ገበያ ላይ አይቻት ነው» ይላል። የጎረቤት ስም ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ደግሞ ድሮም የተጠረጠረ ቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ሴት በመንደሩ አለቀላት። እንስራዋን የሚገዛት የለም፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ይሰደባሉ፣ አንዳንዴ ቤት ይቃጠላል። እኔ የምጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ጌታ ስለ ዲያብሎስ «ሐሰተኛ የሐሰትም አባት ነውና» ብሏል። እንግዲያው የሐሰት አባት በሰጠው ምስክርነት ሰው የምንፈርደው እንዴት ሆነን ነው? በየትኛው ቀኖና ነው ሰይጣን የምስክር ወንበር የተሰጠው? ብዙ አጥማቂ አባቶች ይህን እንደሚከለክሉ፣ ስም ሲጠራ ዝም እንደሚያሰኙ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሁሉም ግን እንዲህ አያደርጉም። ሕዝቡም ቤቱ ይዞት የሚሄደው የሰማውን ስም ነው።

ታሪኩን ከፍ አድርገን ብናየው ደግሞ ልብ ይሰብራል። ጎንደርን አስቡ። ቤተ እስራኤሎች ብረት ሠሪ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ግንበኛ ነበሩ፤ በጎንደር ግንቦች ሥራ ላይ እጃቸው እንዳለበት የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። መሬት ተከልክለው፣ ቡዳ ተብለው ኖሩ። «ክርስቲያን ስላልሆኑ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እሺ፣ ክርስትና የተነሡትስ? ከእነሱ መካከል ተጠምቀው ቤተ ክርስቲያን የገቡ ብዙ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ግን ከተጠመቁም በኋላ በዚያው ስም ጠሯቸው፣ አላገቧቸውም። ጥምቀት ኃጢአትን ያነጻል ብለን እናምናለን፤ የአባትን መዶሻ ግን አያነጻም ብለን ኖርን ማለት ነው። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጎንደር አጠገብ ወለቃ መንደር ላይ ሸክላው ቀረ፤ ዛሬ ቱሪስት ይገዛዋል።

ይህ የኦርቶዶክሱ ብቻ ችግር እንዳይመስል። ጉራጌ ውስጥ ፉጋ፣ ሲዳማ ውስጥ ሀዲቾ፣ ከፋ ውስጥ ማንጆ፣ ወላይታ ውስጥ ጭናሻ የሚባሉትን፣ እንዲሁ የሚገለሉትን ወገኖቻችንን አስቡ። በደቡቡ የወንጌል አማኙ ቁጥር ብዙ ነው። የወላይታን ታሪክ ስሰማ ሁሌም ይገርመኛል። ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1937 እ.ኤ.አ. ሲባረሩ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ ይባላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ አገኙ። እነዚያ ሰዎች ታስረውና ተገርፈው ነው ያመኑት። የአባቶቻቸውን አምልኮ ትተዋል፣ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የሸክላ ሠሪ ልጅ ላግባ ያለ ወጣት ዛሬም በብዙ አማኝ ቤተሰብ ውስጥ ልቅሶ ያስነሳል። በአንድ አዳራሽ አብረው «ሃሌ ሉያ» ያሉ ሰዎች ለጋብቻ ሲሆን ይተላለፋሉ።

«ዘመኑ አልፏል፣ ከተማ ውስጥ ይህ የለም» የሚሉኝ አሉ። የለም? አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። ልጁ ዲያቆን ነው፣ ልጅቷ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ሁለቱም የተማሩ ናቸው። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ሊቆረጥ ሆነ። በዚህ መሃል ሜሪላንድ ያለች አንዲት አክስት አገር ቤት ደወለች፣ «አጥንቱ ተጣርቷል ወይ?» አለች። ተጣራ። የልጅቷ ቅድመ አያት ጠይብ ነበሩ የሚል ነገር ተገኘ። ነገሩ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት አልቆየም። ልጅቷ ስትጠይቅ «ሰባት ቤት ስንቆጥር ያልሆነ ነገር ተገኘ» ነው የተባለችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። የሚቆጠረው ግን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ሁለቱ ወጣቶች የሥጋ ዝምድና ከሌላቸው ጉዳዩ አለቀ። በፍትሐ ነገሥታችን የሸክላ ሠሪ ልጅ አታግባ፣ የብረት ሠሪ የልጅ ልጅ ተክሊል አይደረግላትም የሚል አንቀጽ የለም። ቅዱሱን ሥርዓት ወሰድንና ሰፈራችን ለሚፈልገው ሌላ ዓላማ አዋልነው። ከዚያ «ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው ነው» እያልን እንኖራለን። ልጅቷም የተረዳችው እንደዚያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗ የገፋቻት መሰላት። አሁን ቅዳሴ አትመጣም። በዚህ ልትፈርዱባት የምትችሉ ፍረዱ፣ እኔ አልችልም።

ሌላው የሚሰነዘርብኝ መልስ «ይሄ ባህል ነው፣ ሃይማኖት አይደለም» የሚል ነው። በወረቀት ላይ እውነት ነው። ግን የንስሐ አባት እያወቁ ዝም ካሉ፣ የጽዋ ማኅበሩ ካገለለ፣ ጠበሉ ቦታ ስም ከተጠራ፣ ሽማግሌው መስቀል ተሳልሞ ወጥቶ ዘር ከቆጠረ፣ ሕፃን ልጅ ሃይማኖቱን ከባህሉ የሚለየው በምኑ ነው? ሕፃን የሚማረው ሲደረግ የሚያየውን ነው።

በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ይህን የምለው ለማጽናናት ሳይሆን ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማሳየት ነው። አሜሪካ ውስጥ የደቡብ ባፕቲስቶች ኅብረት በ1845 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ባሪያ ያለው ሰው ሚሲዮናዊ ይሁን ወይስ አይሁን በሚል ጠብ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በየማታው የሚያነቡ፣ በእንባ የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ። ጥጡን የሚለቅመው ባሪያ ስለሆነ ዓይናቸው ማየት አልቻለም። ኅብረቱ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ 150 ዓመት ፈጀ። እኛስ? ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባሪያ ያልነበረው የክርስቲያን ባላባት ቤት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ያ ሁሉ ሲሆን ጾም ነበር፣ ቅዳሴ ነበር፣ ገዳም ነበር።

«ባህል ከባድ ነው፣ በአንድ ጀንበር አይለወጥም» የሚባለውንም ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። የእኛን ሕዝብ እዩት። አጥንት የሚሰብር ሥራ እየሠራ 55 ቀን ዐቢይ ጾምን ቅቤ ሳይነካ የሚያልፍ ሕዝብ ነው። እናቶቻችን ሐሙስ ማታ ድስቱን አጥበው፣ ማንኪያውን ለይተው ለዓርብ ይዘጋጃሉ። ለእምነቱ ሲል ምላሱን፣ ሆዱን፣ እንቅልፉን መግዛት የሚችል ሕዝብ ንቀቱን መግዛት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። አልተጠየቀም! ንስሐ ስንገባ ጾም ገደፍክ ወይ፣ ዝሙት ሠራህ ወይ፣ በሐሰት ማልክ ወይ እንባላለን። «ሰውን በአባቱ ሙያ ንቀሃል ወይ? በዚህ ምክንያት ጋብቻ አፍርሰሃል ወይ?» የተባለ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ቢጠየቅ ኖሮ ከገበሬው እስከ ዲያስፖራዋ አክስት ድረስ ስንቱ ደንግጦ ራሱን ይመረምር ነበር።

ንጉሡ እንኳ ጠይቀው ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው እየጠራ የሚሰድበውን የሚገሥጽ አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማኔውን በሸማኔነቱ፣ ገበሬውንና ነጋዴውንም እንዲሁ በየሥራው አትስደቡ፣ ይህ ልማድ አገር ያደኸያል ነበር መልእክቱ። መቶ ዓመት አለፈው። መንግሥት በአዋጅ ሊያስቆም የሚችለው ስድቡን ነው። ገበታ ላይ አብሮ ማስቀመጥ፣ ልጅን በደስታ መዳር ከመንበሩ ፊት የሚመጣ ነገር ነው፤ እሱን ማንም ሚኒስቴር አይሠራልንም።

ባህል ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም፣ እንዲህ ተብሎ እንዳይነበብብኝ። ነጠላችን፣ ከበሮአችን፣ የዝማሜው እንቅስቃሴ፣ ለቅሶ ቤት ተሰብስቦ ማስተዛዘኑ፣ ለእንግዳ እግር ማጠቡ ሁሉ ባህል ነው፤ እምነታችን በእነሱ አምሯል። በኅብረት መብላት ራሱ እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው! ስለዚህም ነው ከዚያ ገበታ አንድ ሰው ሲገለል የሚያመኝ።

አዘጋጁን የምጠይቀው ይህንን ነው። የውጭ ባህልን በተመለከተ ተከታታይ ጽሑፍ እንደምታወጡ ገልጻችኋል። ከዚያው ጎን ለዚህኛው ቦታ ስጡት። ከኦርቶዶክስም፣ ከወንጌላውያንም፣ ከካቶሊክም ሊቃውንትና መምህራን ጋብዙና ሁለት ጥያቄዎችን በጽሑፍ እንዲመልሱ አድርጉልን። አንደኛ፣ ሁለት የተጠመቁ ወጣቶች በአያት ሙያ ምክንያት እንዳይጋቡ የከለከለ ቤተሰብ ንስሐ መግባት አለበት ወይስ የለበትም? ሁለተኛ፣ ጠበል ቦታ በመንፈሱ አንደበት ስሟ ለተጠራ ሴት አጥቢያው ምን ያደርግላታል፣ በማግስቱ ወደ ቤቷ የሚሄድላት ካህን ማን ነው? መልሱን «ባህል ነው» ብለው እንዳያልፉት፣ አዎ ወይም አይደለም ብለው እንዲጽፉ ጠይቁልኝ። እኔም እስኪወጣ ጋዜጣውን በየሳምንቱ እገዛለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ